የቀረው የአባቴ እግር ጉዳይ

አሰላ፣ ኅዳር 11 ቀን
ቁጥር፦ የለውም፤ ከቤት የወጣ ነው፤ ቤታችን ማኅተም የለውም

ለክቡር አቶ እንደሻው መርሻ
የ«ፈውስ በደጅ» ተንቀሳቃሽ የቁስል እንክብካቤ ፕሮግራም ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከነገር ሁሉ የጤና ጥያቄ ይቀድማልና እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ ደኅና ነው? ቢሮው ውስጥ ብርድ አይበረታብዎትም? በተለይ ደግሞ እግሮችዎ፣ ሁለቱም፣ እንዴት ናቸው? ሁለቱንም ለይቼ መጠየቄን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ከመስከረም ወዲህ በእኛ ቤት እግር የሚጠየቀው አንድ በአንድ ስለሆነ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

እኔ ሐዊ ሚልኬሳ እባላለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥና ወደሚመለከተው ክፍል ስመራ የኖርኩ ሴት ነኝ። ስለዚህ ለአንድ ኃላፊ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ የሚጻፍለት ኃላፊ ደብዳቤውን የት እንደሚያኖረውም አውቃለሁ። ይህኛውን በአደባባይ እንዲነበብ ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አባቴ አቶ ሚልኬሳ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ በእርስዎ ፕሮግራም ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቁስለኞችም አንዱ ናቸው። ግራ እግራቸው መስከረም 23 ቀን ከጉልበት በታች ተቆርጧል። የምጽፍልዎ ስለ ግራው አይደለም፤ ስለ እሱ ከእንግዲህ እርስዎም እኔም የምንፈይደው የለም። የምጽፍልዎ በቀኝ እግራቸው ተረከዝ ላይ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ስለተከፈተው ቁስል ነው፤ ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ቁስል አልመዘግብም ብሏል። አንድ እግር ያለው ሰው በክራንች ይቆማል፣ ደጅ ይወጣል፣ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ይሄዳል። እሷንም ካጣ ቀሪ ዕድሜው ከአልጋ ወደ ወንበር ነው። አባቴ ይህን ስለሚያውቁ ተረከዛቸውን እንዳናይባቸው ካልሲ አድርገው መተኛት ጀምረዋል።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ። በቁጥር የማቀርበው ለመልስ እንዲመችዎ ነው።

1. በመጀመሪያ ሲስተር ፈናንን ከድካም ስላሳረፉልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሲስተር ፈናን ከፕሮግራምዎ በፊት ማንም ሳያዛት፣ ከሥራ ስትወጣ፣ በሰፈራችን ስምንት ቤት እየዞረች ቁስል ታጥብ የነበረች ነርስ ናት። ባጃጅ እስከሚገባበት በባጃጅ ትመጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ በጭቃው ውስጥ ታቋርጣለች። የአባቴን እግር በየሁለት ቀኑ ታጥባለች፣ የሞተውን ሥጋ ታነሳለች፣ የቁስሉን ስፋት በማስመሪያ ለክታ በደብተር ትጽፋለች። ስትጀምር በግራ እግራቸው መዳፍ ላይ የነበረው ቁስል የሲኒ አፍ ያህል ነበር። በአምስተኛው ወር የባቄላ ፍሬ አክሏል። እናቴን ወይዘሮ ሸዋዬንም ውኃ እንዴት እንደሚፈላ፣ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ፋሻ ምን ያህል እንደሚጠብቅ አስተምራቸዋለች፤ ፊደል ያልቆጠሩት እናቴ ዛሬ ቁስል መበላሸቱን ገና ፋሻው ሳይፈታ ከሽታው ይለያሉ።

ከዚያ ፕሮግራምዎ መጣ። የእርስዎ ሰዎች ያንን ደብተር አገላብጠው አዩና በመላው ከተማ እንዲህ ያለ ንጹሕ ጽሑፍ እንደሌለ መሰከሩ። በሁለተኛው ሳምንት ሲስተር ፈናን የክትትልና ሪፖርት ባለሙያ ሆና ወደ ቢሮ ገባች። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባል ነበር፤ እርስዎ ግን ሠሪዋን ከሥራው አንስተው ስለ ሥራው እንድትጽፍ አደረጓት። አሁን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ የማታያቸውን ቁስሎች ትደምራለች። በቦታዋ ማንን እንደላኩ ስጠይቅ መኪና መመደቡ ተነገረኝ።

2. ስለ መኪናው።

መኪናው ውብ ነው። ነጭ ነው፤ በጎኑ ላይ እግራቸው በፋሻ የተጠቀለለ አንድ አዛውንት እየሳቁ ተሥለዋል። በሐምሌ ሲመረቅ አባቴም ተጋብዘው ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ለፎቶግራፍ እንዲያመች ፋሻቸው ተፈትቶ ከንግግሩ እስከ ጭብጨባው ድረስ ቁስላቸው ለነፋስ ተሰጥቶ ቆይቷል። እንግዶቹ ጎንበስ እያሉ አዩ። አባቴ ሰው ሲያያቸው ፈገግ ማለት የለመዱ ጨዋ ናቸውና ፈገግ አሉ።

ይህ መኪና ግን ከአስፋልት አይወጣም። መመሪያዎ እንዲያ ይላል፤ እኔም ወረቀቱን በዓይኔ አይቻለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ማክሰኞ ጠዋት ከዋናው መንገድ ዳር ይቆማል፣ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ያሰማል፣ ሩብ ሰዓት ይጠብቃል፤ የመጣ ቁስለኛ ይታከማል፣ ያልመጣ «ቤቱ አልተገኘም» ተብሎ ይመዘገባል። በደጅ የተባለው የማን ደጅ እንደሆነ ለብዙ ቀን ሳሰላስል ቆይቻለሁ። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ስድስት መቶ እርምጃ ነው፤ ክረምት ላይ ባጃጅ አይገባበትም። ጋሪ ሊገባ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ራሳችሁ የበተናችሁት ወረቀት የታመመ እግር ወደ ታች እንዳይንጠለጠልና እንዳይነቀነቅ ያዛል። እኛም መመሪያ አክባሪዎች ነን።

ስለዚህ የእድራችንን ዳኛ አቶ ሁሴኖን ለመንን። አቶ ሁሴኖ ደግ ሰው ናቸው፤ የእድሩን ቃሬዛ ፈቀዱልን፤ አራት ጠንካራ ሰዎችም ሰጡን። ይህ ቃሬዛ እኔ እስከማውቀው ድረስ ከመጋዘን የሚወጣው አስከሬን ለመሸከም ብቻ ነው። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ቶላ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያገለግል አንድ ትእዛዝ ብቻ ያውቃል፤ ቃሬዛው ሲወጣ ይነፋል። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ቃሬዛው ሲወጣ አየ፤ ማንንም ሳይጠይቅ ጡሩምባውን አንስቶ ከላይኛው ሰፈር እስከ ታችኛው ነፋ፤ የአቶ ሚልኬሳ ቤት መሆኑንም ለጠየቀው ሁሉ ተናገረ። በእሱ አልፈርድም። እሱ ሥራውን በሰዓቱ የሠራ ብቸኛው ሰው ነው።

አባቴ ቃሬዛው ላይ ተጋድመው በነጭ ጋቢ ተሸፍነው ወደ አስፋልቱ ሲጓዙ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከኋላ ተከተለ። አባቴ አንገታቸውን ቀና አድርገው ደኅና እንደሆኑ ሲናገሩ አንዲት እናት ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ድንኳን ተጣለ። የአባቴ ወንድም አቶ ዱሬሳ ሮቤ ሆነው በስልክ ሰሙና ለአቦምሳ ዘመዶች ደወሉ፤ በማግሥቱ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ለቀስተኛ በራችን ላይ ወረደ። አባቴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ለቅሶ ተቀበሉ። ስለ ደግነታቸው የተነገረውን ሁሉ በጆሮአቸው ሰሙ፤ አንዳንዱን አረሙ። እናቴ በደስታና በእፍረት መካከል ሆነው ለስልሳ ሰው ምሳ አሰናዱ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅበታል፤ እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

አስፋልቱ ላይ የሆነውን ግን ለለቀስተኛው አልነገርንም። ያን ቀን ሰዉን አረጋግተን፣ የወደቁትን እናት አንስተን ስንደርስ ሩብ ሰዓቱ አልፎ መኪናው ሄዶ ነበር። አባቴ ከነቃሬዛቸው ተመለሱ፤ እናንተም «ቤቱ አልተገኘም» ብላችሁ ጻፋችሁ።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ፣ በሚቀጥለው የመኪናው ማክሰኞ፣ ቶላ ተነግሮት ዝም አለ። ደረስን፤ ባለሙያው ፋሻውን ፈትቶ አየ፤ ነገር ግን ጓንትም የቁስል መሸፈኛ ጋዝም ስላልተጫነለት ያንኑ የቆሸሸ ፋሻ መልሶ አሰረው። ስለ ሐቀኝነቱ አመሰግነዋለሁ፤ በባዶ እጁ ቢነካው ይብስ ነበር። በሦስተኛው ማክሰኞ መኪናው ለጉብኝት አዲስ አበባ ሄዷል ተባልን። ከእጅ አይሻል ዶማ ይላል ሰው። እኛ ዘንድ እጁም ተወስዶ ዶማውም አልመጣም።

3. ስለ ውሉ። ይህኛው ቁጥር ያጥራል፤ ረዘም አድርጌ መጻፍ ስለማልችል።

በምዝገባው ቀን የግዴታ ውል ሰጣችሁን። የቁስለኛው ቤተሰብ ቁስሉን በገዛ እጁ እንዳይፈታ፣ እንዳያጥብ፣ ከፕሮግራሙ ውጭ የሆነ ባለሙያም እንዳያስነካ፣ ይህን ቢተላለፍ ከፕሮግራሙ እንደሚሰረዝ ይላል። የፈረምኩት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በወረቀት መካከል ስለኖርኩ ማኅተም ያለበት ነገር ከእናቴ እጅ የሚበልጥ መሰለኝ። ያ የቆሸሸ ፋሻ ተመልሶ በታሰረ በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ሽታው መለወጡን ነገሩኝ፤ ልፍታው ብለው ለመኑኝ፤ እኔ ግን ከተሰረዝን ሌላ ቦታ የለንም ብዬ ከለከልኳቸው። አባቴን በታክሲ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ብወስዳቸውም በእርስዎ ሰርኩላር መሠረት የፕሮግራሙ ተመዝጋቢ የሚታከመው በፕሮግራሙ ብቻ እንደሆነ ተነግሮን ተመለስን። ፋሻው በመጨረሻ ሲፈታ ሁለት ጣታቸው ጠቁሮ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ከተቆጣሁት ይልቅ በራሴ የተቆጣሁት ይበልጣል። ይህን የምነግርዎ እንዲጽናኑበት አይደለም።

4. መዝገቡን በተመለከተ ላሳያችሁን ትጋት።

የቀኝ ተረከዛቸው በተከፈተ በማግሥቱ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ ብዬ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጽሕፈት ቤትዎ ደረስኩ። ጸሐፊዋ በትሕትና ተቀብላ መዝገቡን አወጣችልኝ። የአባቴ መዝገብ ተዘግቷል። በመዝጊያው ምክንያት ፊት ለፊት በሰማያዊ ቀለም የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «ድኗል»።

የተሳሳተ መዝገብ የመጣልኝ መስሎኝ ስሙን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊዋም በትዕግሥት አስረዳችኝ። በቅጹ ላይ ያሉት ምርጫዎች ሦስት ናቸው፤ ድኗል፣ በሕክምና ላይ፣ ከዚህ ዓለም በሞት የተለየ። አባቴ አልሞቱም። በሕክምና ላይ እንዳይባሉ በግራ እግራቸው መዳፍ ላይ የነበረው ቁስል የለም፤ እግሩ ስለሌለ። ስለዚህ ድነዋል። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ቁስላቸው ሙሉ በሙሉ ከዳነላቸው አሥራ አንድ ሰዎች መካከል አባቴ ሰባተኛ ናቸው፤ ሪፖርቱም ከበሩ አጠገብ በመስታወት ውስጥ ተለጥፏል። ከቀሩት አሥር መካከል ስንቱ እንደ አባቴ እንደዳነ መጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ ጸሐፊዋ ዓይኗን ስትሰብር ተውኩት።

አዲሱን ቁስል እንድትመዘግብልኝ ስጠይቅ ለአንድ ሰው በአንድ በጀት ዓመት አንድ መዝገብ ብቻ እንደሚከፈት፣ የዳነ ሰው መዝገብም እንደማይከፈት ነገረችኝ። በሐምሌ እንድመለስ መከረችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ሁለቱንም አሟልቶ ይዟል። ከኅዳር እስከ ሐምሌ ስምንት ወር ነው። ግራው ከባቄላ ፍሬ ተነስቶ እስኪቆረጥ የፈጀው ሦስት ወር ብቻ ነበር፤ እኔ ሒሳብ አላስተምርም፤ እርስዎ ግን ሪፖርት አንባቢ ነዎት።

5. አምስተኛው ምስጋና ባለፈው ሳምንት ስለደረሰን የጥሪ ካርድ ነው።

ለፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዓመት በዓል ከወዲሁ ዝግጅት መጀመሩን፣ አባቴም «የዳኑ ወገኖች ምስክርነት» በሚለው ክፍል መድረክ ላይ ወጥተው እንዲናገሩ መመረጣቸውን ካርዱ ይገልጻል። ተጋባዦች በአዳራሹ ደረጃ በኩል እንዲገቡም ያሳስባል። አባቴ ካርዱን አስነብበው ከሰሙ በኋላ በኦሮምኛ ለእናቴ የነገሯቸውን እዚህ አልተረጉመውም፤ ጨዋ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንዲህ ቢናገር እግዚአብሔር ይቅር ይለዋል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ነውና እርስዎ ምን ያህል እንደናቁን በዚህ ካርድ ለካሁት። ከዚህ በፊት ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ለስንፍና ይቅርታ ማድረግ እችላለሁ፤ እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ይህ ግን ሌላ ነው። እናንተ የአባቴን እግር ያሳጣችሁን ሳታዩት ነው፤ ሳታዩትም ቆጠራችሁት፤ አሁን ደግሞ በመድረክ ላይ እንዲያመሰግናችሁ ትፈልጋላችሁ። ክቡር ሆይ፣ አልወድዎትም። ይህን በጽሑፍ ሳሰፍር በአሥራ ዘጠኝ የሥራ ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ቁጥር እዚህ ላይ አበቃ። የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ ለእርስዎ አንድ ፊርማ ነው። መኪናውን አልጠይቅም፤ በአስፋልቱ ላይ በሰላም ይቁም፤ ጎማውም አይቆሽሽ። አዳራሹንም፣ በዓሉንም፣ በጎኑ ላይ የሚስቁትን አዛውንትም ያቆዩአቸው። ሲስተር ፈናን በየሁለት ቀኑ ከሁለተኛው ፎቅ ወርዳ ስድስት መቶ እርምጃ እንድትራመድ ብቻ ይፍቀዱላት። እሷ ትመጣለች፤ አውቃታለሁ። ባለፈው እሑድ ከጸሎት ቤት ስንወጣ አባቴን በክራንች አይታ ፊቷን አዞረች፤ አልሸሸችንም፤ አለቀሰች። ስለ ሪፖርቱ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። የሰባተኛውን ሰው ስም የጻፈችው በገዛ እጇ እንደሆነ ጽሑፉን አይቼ አውቄያለሁ፤ ያንን እጅ በዚህ ሥራ ላይ ያዋሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ቀኝ እግራቸው እንዲተርፍ ያለው ጊዜ የሳምንታት ነው። ቁስሉ ዛሬ የአንድ ሳንቲም ያህል ነው፤ ዙሪያው ቀልቷል፤ ገና አልጠቆረም። ይህን የምነግርዎ በማስመሪያ ለክቼ ነው፤ አለካኩን ከማን እንደተማርነው ያውቃሉ።

ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ልጆችዎ ሁለቱንም እግሮችዎን እያጠቡ ያስረጁዎ፤ በሚሄዱበት ሁሉ መንገዱ አስፋልት ይሁንልዎ። ይህን ምርቃት ከልቤ መርቄዎት፣ በአክብሮትና በጨዋ ደንብ፣ ነገር ግን በፍጹም ባለመርሳት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የሰባተኛው የዳነ ሰው ልጅ
ሐዊ ሚልኬሳ
(ፊርማ አለው፤ ከእንግዲህ ግን ሳላነብ አልፈርምም)

ግልባጭ፦
ለአቶ ሁሴኖ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ቃሬዛውን ስላዋሱን
በአስፋልቱ ዳር ማክሰኞ ማክሰኞ ለሚጠብቁ ቁስለኞች በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ ወንጀል ላመልክትዎ። እናቴ ወይዘሮ ሸዋዬ፣ ዕድሜያቸው ስልሳ ስድስት፣ የሙያ ፈቃድ የሌላቸው፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውኃ አፍልተው፣ ጨው ጨምረው፣ የአባቴን ቀኝ ተረከዝ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ አስረዋል። ትናንትም አድርገውታል፤ ነገም ያደርጉታል። እኔም አጠገባቸው ቆሜ መብራት ያዝኩላቸው። ውሉን በግልጽ ጥሰናል። እጅ ከፍንጅ ሊይዙን ከፈለጉ በማንኛውም ጠዋት ይምጡ፤ በሩ ክፍት ነው። ሲመጡ ግን ጓንት ይዘው ይምጡ። የእኛ አልቋል።